ሁለት ቢጫ ቆርቆሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አሰላ ውስጥ የቤት መኪና ያላቸው ሰዎች በስም ተለይተው በሚታወቁበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የመኪናዬን የሰሌዳ ቁጥር እንኳ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም። ያ ቀን ግን ዘይት ሲግል በሸተተኝ ቁጥር ይመጣብኛል። ዘይት የማይግልበት ቤት ደግሞ የለም፤ ስለዚህ መርሳት አልቻልኩም።

ሥራዬ የእህል ንግድ ነበር። ስንዴና ገብስ ከገበሬው እየገዛሁ ወደ ናዝሬት እልካለሁ። መኪናዋን ግን ለንግድ አልገዛኋትም። ጀርመን ሰራሽ፣ ባለ አራት በር፣ ሰማያዊ የቤት መኪና ነበረች። ለሰው ስናገር “ለቤተሰቡ ነው” እላለሁ። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ “ራሱን ሊያሳይባት ነው” ትላለች። አልዋሸችም።

በከተማው መካኒክ ጠፍቶ አይደለም። የነበሩት ግን ከጭነት መኪና ጋር የሚታገሉ ሰዎች ስለሆኑ መዶሻ ይቀናቸዋል። አንዴ አንዱ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቶ ሲያያት “ይቺ እኮ መጫወቻ ናት” አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁን እንዳያሳርፍባት ማልኩ፤ ሰርቪሷን ራሴ ማድረግ ጀመርኩ።

ከመኪናዋ ጋር አንድ መጽሐፍ መጥቶ ነበር፤ የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። ጀርመንኛ ባላውቅም ሥዕሉን አያለሁ። ሥዕሉ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ አለ። ዘይት ሲቀይር ፈገግ ይላል፣ ካንዴላ ሲፈታ ፈገግ ይላል፣ እጁ ላይ አንድ ጠብታ እድፍ የለም። እኔ ከመኪናዋ ሥር ስወጣ ግን ልጄ ሰናይት ትሸሸኝ ነበር። ቢሆንም የሰውየውን አሠራር በሥዕል በሥዕል ተከትዬ ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ግራሶ መቀባት፣ የአየር ማጣሪያውን አቧራ ማራገፍ ቻልኩ። መኪናዋም አላሳፈረችኝም።

አሁን ስለ ቆርቆሮዎቹ ልንገራችሁ። የሞተር ዘይት የሚመጣልኝ በአራት ማዕዘን ቢጫ ቆርቆሮ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ባዶ ሆነ ብሎ የሚጥል ሰው ካለ እብድ ነው። አስካለ ባዶውን በፈላ ውኃና በአመድ ደጋግማ ታጥበዋለች፤ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ሽታው ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ የኑግ ዘይት ታስሞላበታለች። ስለዚህ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቢጫ ቆርቆሮ አለ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። የእኔ ውታፉ ጨርቅ ነው። የእሷ ውታፉ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ይህ የቤታችን ሕግ ነበር። ሳንጻጻፍ፣ ሳንፈራረም ሁለታችንም እናከብረው ነበር።

በዚያ ወር የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ሆነ። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነው። በጾም የዋለ ማኅበር ለእኛ ለወንዶቹ ቀላል ይመስለናል፤ በግ አይታረድ፣ ቅቤ አይነጠር። አስካለን ብትጠይቋት ግን የጾም ድግስ ይብሳል ትላለች፤ ቅቤ በሌለበት ሙያን የሚያወጣው ዘይቱ ነውና። ኑጉን ራሷ አበጥራ፣ መጭመቂያው ቤት ቆማ አስጨምቃ፣ ቢጫውን ቆርቆሮ እስከ አንገቱ አስሞልታ መጣች።

ከዚያ ቤት ማጽዳት ተጀመረ። የማኅበርተኛ ሴቶች ለሥራ ሲመጡ ዕቃ ቤት መግባታቸው አይቀርም፤ ዕቃ ቤት የገባች ሴት ደግሞ ዓይኗ የማያየው የለም። አስካለ ዞር ዞር ብላ ስታይ የእኔ ጠቁሮ የሚያስጠላ ጨርቅ ቆርቆሮው አፍ ላይ ተወትፎ አየች። ለሰው ዓይን አሳፈራት። አውጥታ ጣለችውና እንደ ራሷው ቆርቆሮ ንጹሕ ቆረቆንዳ ወተፈችበት። “የኔው በስተቀኝ ያለው ነው” ብላ በልቧ ይዛለች። ወለሉን ልትጠርግላት የመጣች ጎረቤት ሁለቱን ቆርቆሮዎች አንሥታ ጠርጋ ስትጨርስ አቀያይራ አስቀመጠቻቸው። እሷስ ከየት ታውቃለች?

የማኅበሩ ዕለት የእኔ ድርሻ የአስካለን እናት ከሳጉሬ ማምጣት ነበር። እማማ ጥሩነሽ መኪናዬን አይወዷትም። “ውኃ ትጠጣለች፣ ዘይት ትበላለች፣ ግን አትወልድ” ይሏታል። ከእጃቸው የማትለይ ጥቁር የእንጨት መቁጠሪያ ነበረቻቸው። ሲያጥቡ ወደ ክንዳቸው ከፍ ያደርጓታል እንጂ አያወልቋትም። “ይቺ ከእጄ የምትወጣው ስገነዝ ነው” ይሉ ነበር፤ እኛም ሰምተን ሰምተን ለምደነዋል።

እሳቸውን ባረጀ ዘይት ይዤ ብመጣ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን፣ ወሬው ለዓመት ይበቃቸዋል። ስለዚህ ማልጄ ተነሥቼ ሙሉ ሰርቪስ ላደርግላት ወሰንኩ። ሞተሩን ጥቂት አሞቅኩ፤ ከሥር ገብቼ የዘይት መውጫውን ብሎን ፈታሁ። ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ላይ ሲወርድ ጎረቤቶች እንደ ልማዳቸው ጣሳቸውን ይዘው መጡ፤ የአጥር እንጨት ሲቀቡት አይበሰብስም ይላሉ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በቤንዚን አጠብኳቸው። የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ይሸተኝ አልነበረም።

ብሎኑን መለስኩ። በብሎኑ ሥር የምትገባ አንዲት የመዳብ ቀለበት አለች። ሳስታ ነበር፤ ሌላ ስላልነበረኝ ያችኑ መልሼ አጠበቅኩ። ይህችን ቀለበት አትርሷት።

ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቼ ከለመድኩት ቦታ ቆርቆሮዬን አነሣሁ። ቆረቆንዳ ተወትፎበት ሳይ “አስካለ ናት፣ ዛሬ ሁሉን አሳምራዋለች” ብዬ ፈገግ አልኩ። ጎህ ገና መቅደዱ ነበር፤ ዘይቱ በአሰላ ብርድ ወፍሮ ቀስ እያለ ወረደ። እስከ ልኩ ሞላሁት። ቆርቆሮው ውስጥ ጥቂት ተረፈ፤ ያንን ከመኪናዋ ኋላ ጫንኩት። ሞተሩን ሳስነሣው ድምፁ እንደ ሐር ለሰለሰ። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ቢያየኝ ይጨብጠኝ ነበር እያልኩ ወጣሁ።

ሳጉሬ ስደርስ እማማ ጥሩነሽ ተዘጋጅተው አልጠበቁኝም። ጎረቤቱን ሁሉ እስኪሰናበቱ ቀኑ ሞቀ። ሲወጡ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተቀመጡ፤ ፊት መቀመጥ ለእሳቸው ሞትን ቀድሞ መቀበል ነው። ጭላሎ ተራራን በስተቀኛችን ይዘን አቧራውን እያስነሣን ወደ አሰላ ተመለስን።

ጥቂት እንደሄድን እማማ ከኋላ፣

“አንተ፣ እዚህ አካባቢ ድግስ አለ እንዴ?” አሉኝ።

“የት ነው እማማ?”

“እኔ እንጃ። ዘይት ሲግል ይሸተኛል።”

ግራና ቀኙ የታጨደ የገብስ ማሳ ነው። ቤት የሚባል በአቅራቢያው የለም። ጾሙ ጸንቶባቸው ነው ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ተነሡ።

“አንተ ልጅ! ይሄ ድግስ ቅድም አልፈነው አልመጣንም?”

“አልፈነዋል።”

“እና እንዴት ይከተለናል? ይኸው እኮ፣ አሁን ብሶበታል። ሽሮ ነው የቀረው!”

ከዚያ በኋላ መልስ አልጠበቁም። በጾም ሰይጣን አፍንጫንም ይፈትናል አሉና መቁጠሪያቸውን ይዘው መጸለይ ጀመሩ። እኔ በሳቅ ልፈነዳ ነበር። በዚያው ቅጽበት ፊቴ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ቦግ አለች።

ሳቄ ጠፋ። መኪናዋን ዳር አስይዤ አጠፋሁና ከሥር አየሁ። ብሎኑ ላልቶ ዘይቱ ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበው ደግሞ የጋለ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ይጨሳል። ጣቴን አስነክቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ቤንዚን ብቻ ሸተተኝ። በመጨረሻ በምላሴ ቀመስኩት።

ኑግ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ “ማን ነው መኪናዬ ውስጥ ኑግ የጨመረ?” አልኩ፣ የጨመረው ሰው ራሴ መሆኔን እያወቅሁ። ቀጥሎ ቆረቆንዳው ትዝ አለኝ። ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ። ኑጉ እዚህ ከሆነ፣ የሞተሩ ዘይት የት ነው?

የሞተሩ ዘይት አስካለ እጅ ነው። እሷ አሁን ለማኅበርተኛ ሁሉ ወጥ እየሠራች ነው።

ሽታውን አትለየውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዲስ የሞተር ዘይት እንደ ተቃጠለው አይሸትም። በዚያ ላይ ቤቱ ሽንኩርትና በርበሬ ሞልቶታል፤ ሴቶቹ ይቸኩላሉ። የሞተር ዘይት የበላ ሰው ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለግሁም። ማኅበርተኛው ቅዳሴ እስኪወጣ አይበላም። ልጄ ሰናይት ግን ገና ለጾም አልደረሰችም። ወጡ ከእሳት ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆረሰው ለእሷ ነው።

ብሎኑን በእጄ እየተቃጠልኩ አጠበቅኩት። የተረፈችውን የኑግ ዘይት ደፋሁባት። ሞተሩ ይንከስ፣ ይቃጠል፣ ግድ የለኝም አልኩና አስነሣኋት። አንድ ዳገት እንኳ ሳታጋምስ ከውስጧ መዶሻ የሚመስል ድምፅ ተሰማና ቀጥ አለች። ያን ያህል ስሳሳላት የኖርኳትን መኪና በር ወርውሬ ዘጋሁትና በእግሬ ልሮጥ ተነሣሁ። እማማ “የት ትሄዳለህ?” ብለው ሲጮኹ ነገሩን ነገርኳቸው። አላለቀሱም። “ጌታ ሆይ፣ ያቺን ሕፃን” ብቻ አሉ።

ከፊታችን ከአሰላ በኩል አንድ ፈረሰኛ ይመጣ ነበር። ኦቦ ቃሲም የሚባለውን ሰው ያወቅሁት እንዲህ ነው። ጎልማሳ ነው፤ ካፖርቱ በአቧራ ነጥቷል፤ ፈረሱም አልቦታል። ወደ አገሩ እየተመለሰ ነበር።

“አካም ጅርቱ? ምን ሆናችሁ?” ብሎ ቆመ።

በአማርኛም በምችላት ኦሮምኛም እያደባለቅሁ አስረዳሁት። እንዳበደ ሰው እየተቻኮልኩ ስለነበር ደጋግሞ ጠየቀኝ።

“መኪናው የሚበላውን ዘይት ሰው ሊበላው ነው?”

“አዎ! ባለቤቴ አላወቀችም። ልጄ አለች፣ ማኅበርተኛ አለ!”

“ያ ረቢ!” አለና ፈረሱን አየው፣ መልሶ እኔን አየኝ። “ቤትህ የት ነው?”

“ሰማያዊ መኪና ያለው እህል ነጋዴ ብለህ ጠይቅ። ማንም ያሳይሃል።” ራሴን ላሳይባት የገዛኋት መኪና የጠቀመችኝ ያን ጊዜ ነው።

ባለቤቴ የማታውቀውን ሰው እንድታምን ምልክት ያስፈልጋል። ሰዓቴን ልፈታ ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

“ተወው። ሰዓት ስታይ ዘርፎት ነው ትላለች። የኔን መቁጠሪያ ግን የሚዘርፍ የለም።”

ከእጃቸው ፈትተው ሰጡት። ኦቦ ቃሲም ሙስሊም ነው። በሁለት እጁ ተቀበላቸውና በደረት ኪሱ፣ ከራሱ መቁጠሪያ፣ ከሙስበሃው አጠገብ ከተታት። እኔም አጥብቄ አደራ አልኩት፤ “መጀመሪያ መቁጠሪያውን አሳያት። ከዚያ ንገራት።”

“መጀመሪያ መቁጠሪያ፣ ከዚያ ነገር። ገብቶኛል። አይዞሽ እናቴ” አለና ፈረሱን መለሰው። አርሲ ፈረስ ሲጋልብ ያላየ ሰው ፍጥነት ምን እንደሆነ አያውቅም። አቧራው ብቻ ቀረን።

እኛ ግን እዚያው ተገተርን። ቆይቶ፣ እጅግ ቆይቶ፣ እህል የጫነ መኪና መጣና ሾፌሩ ፊት አስቀመጠን። እማማ ሞትን ቀድመው መቀበላቸውን ረስተው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። እሳቸው በልማድ ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ መቁጠሪያዋ ግን የለችም።

ሰፈራችን ስንደርስ ከመኪናው ወረድኩ። በዚያው ጩኸት ሰማሁ።

የሴቶች ዋይታ ነው፤ የሚወጣውም ከእኔ ግቢ ነው። ደረት ይመታል። ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል። አንድ ጎረቤቴ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ አለቀ አልኩ። ሰናይት ሞታለች። ሌላ ምንም ሐሳብ በራሴ ውስጥ አልነበረም። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ሞት አይቻለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ያለ ነገር ግን ደግሞ አልደረሰብኝም።

እማማ ጥሩነሽ አልፈውኝ ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንባቸው እየወረደ፣

“ማን ነው? ማን ሞተብን? ንገሩኝ!” አሉ።

ጩኸቱ ባንዴ ጸጥ አለ። በሩ አጠገብ የነበረች ሴት አማተበች። ሌላዋ “ኧረ ስለ ማርያም!” ብላ ወደ ኋላዋ ሸሸች። አስካለ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን ስትነጭ ነበር። ቀና ብላ እናቷን አየች፤ አየችና እዚያው ተዝለፈለፈች። ከእሷ ጀርባ ደግሞ ሰናይት፣ የእኔዋ ሰናይት፣ አውራ ጣቷን እየጠባች ሰውን ሁሉ ታያለች።

የሞተ ሰው አልነበረም። የተለቀሰው ለእማማ ጥሩነሽ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አስካለና ሴቶቹ ሽንኩርቱን ገና በደረቁ እያቁላሉ ነበር። ቢጫው ቆርቆሮ ምድጃው አጠገብ ቀርቦ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ መሐል የማያውቁት ፈረሰኛ በግልቢያ ግቢ ገባ። አስካለ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። ኦቦ ቃሲም አደራውን እንደተቀበለው አደረገ፤ መጀመሪያ መቁጠሪያውን አሳየ።

እስቲ አስቡት። በግልቢያ የመጣ እንግዳ ሰው፣ በእጁ እናቷ ‘ስገነዝ ብቻ ነው የምትወጣው’ የሚሏትን መቁጠሪያ ይዟል። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? በአገራችን መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። አስካለ “እናቴን!” ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ ተከተሏት፤ ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ጎረፈ። “ከዚያ ነገር” የተባለውን ነገር የሚሰማ ጆሮ ጠፋ። ኦቦ ቃሲም “አልሞተችም! ዘይት ነው! ዘይት እንዳትበሉ!” እያለ በሁለቱም ቋንቋ ቢጮህ ሰዎች አብሮ የሚያለቅስ ዘመድ መሰላቸው። አንዱ እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ “በርታ ወንድሜ” ብሎታል።

ሰውየው ግን አደራ የሚጥል አልነበረም። ልቅሶው ሲበርድ አንዷ ወደ ምድጃው ብትመለስስ ብሎ ፈራ። እኔ የቤቱ ባለቤት እንኳ ገብቼበት የማላውቀው ማድቤት ዘው ብሎ ገባ። ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል። ቢጫውን ቆርቆሮ ብድግ አድርጎ ወጣና በረንዳው ጥግ እንደ ሕፃን ታቅፎት ተቀመጠ። ስንደርስ ያገኘሁት እንደዚያ ሆኖ ነው፤ ላብ በላብ፣ ቆርቆሮው ጭኑ ላይ።

“ለምን አልደፋኸውም?” አልኩት።

“የሰው ንብረት እንዴት ይደፋል?” አለኝ።

ሮጬ ቆረቆንዳውን ነቀልኩና ቀመስኩት። ኑግ አልነበረም። ኦቦ ቃሲምን አቅፌው አለቀስኩ፤ ዘይቱ ካፖርቱ ላይ እየፈሰሰ። አላፈርኩም።

ቅዳሴ ሲወጣ ማኅበርተኛው መጣ። ቤት ውስጥ የተረፈ አንድ ጠብታ ዘይት አልነበረም፤ ኑጉ የሳጉሬ መንገድ ላይ ቀርቷል። አስካለ ዓይኗ እንዳበጠ፣ በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆና፣ በውኃ ብቻ ሽሮና ምስር ሠራች። ቄሱ ቀመሱና “ዘንድሮ እውነተኛ የጾም ማዕድ ያገኘሁት እዚህ ቤት ነው” ብለው መረቁን። አስካለ አቀርቅራ “አሜን” አለች። እማማ ጥሩነሽ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ኦቦ ቃሲም ሊሄድ ሲነሣ እማማ አልለቀቁትም። ሥጋ ቢሆን ኖሮ በእኛ ቤት አይበላም፤ እኛም የእሱን አንበላም። ያን ቀን ግን ሽሮ ነው፣ የሚለያየን ነገር መሶቡ ላይ አልነበረም። እማማ ጎናቸው አስቀምጠው በእጃቸው አጎረሱት።

መኪናዋን ናዝሬት በጭነት መኪና አስወስጄ ሞተሯን አስፈታሁ። ከዚያ በኋላም ሰርቪሷን ራሴ ማድረጌን አልተውኩም፤ ቆርቆሮዬን ግን ከዕቃ ቤት አውጥቼ ከመኪናዋ ጋር አሳድረው ጀመር። ስለዚያች የሳሳች የመዳብ ቀለበት ብዙ አስቤያለሁ። አጥብቄ ብሠራ ኖሮ ዘይቱ አይንጠባጠብም፣ እማማም አይሸታቸውም፣ እኔም እያፏጨሁ ቤቴ እደርስ ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልወድም።

ኦቦ ቃሲም የቤታችን ሰው ሆኖ ቀረ። ገበያ ሲመጣ ሳይገባ አያልፍም። አስካለ በሩ ላይ ባየችው ቁጥር “ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?” ትለዋለች። እሱም “ዘይት!” ይላታል። ሁለቱ ይኼን ሲባባሉ እኔ እንኳ ሰለቸኝ፤ እነሱን አልሰለቻቸውም።

እማማ ጥሩነሽ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ። ልቅሶዋን በጆሮዋ የሰማች ሴት እኔ ብቻ ነኝ እያሉ ይኩራሩ ነበር። “አስካለ ደህና ታለቅሳለች፤ ጎረቤቶቿ ግን ይቀራቸዋል” ይላሉ።

አንድ የክረምት ጠዋት እኔና አስካለ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን ኦቦ ቃሲም መጣ። የገበያ ቀን አልነበረም። ፈረሱን አልተቀመጠበትም፤ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ነው የመጣው። አስካለ ገና ስታየው ሳቋ ቀደማት።

“ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?” አለችው።

“ዘይት” አላለም። ባርኔጣውን አወለቀና እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ጥቁሯን መቁጠሪያ አወጣ።

አስካለ መቁጠሪያዋን አይታ፣ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ፣ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ኦቦ ቃሲም እያለቀሰ ነበር።

“የሳጉሬዎቹን ‘ለሽማግሌ ንገሩ፣ በወግ ያርዷት’ ብያቸው ነበር” አለ። “እናትሽ ናት እንቢ ያለች። ሳትሞት ጠርታኝ በእጇ ሰጠችኝ። ‘ቃሲም ይውሰዳት፤ እሱን ሲያዩ መጀመሪያ ይስቃሉ። ትንሽ ስቀው ቢያለቅሱ ይሻላል’ አለች።”

አስካለ መቁጠሪያዋን ተቀብላ ኦቦ ቃሲም ትከሻ ላይ ተደፋች። ዛሬ ሁሉም አልፈዋል፤ አስካለም፣ ኦቦ ቃሲምም። ከጎረቤት ማድቤት ዘይት ሲግል ሲሸተኝ ግን እንደ እማማ ትእዛዝ አደርጋለሁ። መጀመሪያ እስቃለሁ።